ሻንጣ ውስጥ የተደበቀው ጠርሙስ

ጥያቄ፦ «እኔ፣ ባለቤቴ፣ አንዲት ጓደኛችንና የ19 ዓመት ወንድሜ ሆነን ከማያሚ ተነሥተን ለ7 ሌሊት ወደ ካሪቢያን ልንጓዝ ነው። መርከቡ ላይ የሚሸጠው መጠጥ እጅግ ውድ ነው ይባላል። ከዚህ በፊት የሄዱ ሰዎች ‹ቮድካውን በአፍ መጉመጥመጫ ዕቃ ገልብጣችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ማንም አያውቅባችሁም› ይሉናል። እውነት አይታወቅም? ቢታወቅስ ምን ይደርስብናል? ደግሞስ ክልከላው ለኩባንያው ትርፍ ከመሆን ሌላ ምን ምክንያት አለው?»

ምላሽ፦ በመዝናኛ መርከቦች ላይ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስድስቱን ዓመት በጸጥታ ክፍል ሻንጣ ስፈትሽ፣ የቀረውን በመጠጥ ክፍል። ስለዚህ ጠርሙሱን ከሻንጣ የሚያወጣውንም ሰው፣ ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚቀዳውንም ሰው ሆኜ አይቼዋለሁ። አጭሩ መልሴ፣ የተፈቀደልዎትን በግልጽ በእጅ ሻንጣዎ ይዘው ይግቡ፤ ከዚያ በላይ ያለውን አይደብቁ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት፣ ምክንያቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለምና።

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። እሱን በግልጽ ካልተነጋገርንበት ሌላው ሁሉ ስብከት ይመስልብኛል። አዎ፣ ትርፍ አለበት። የመርከብ ኩባንያ በቲኬት ብቻ አይኖርም። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ካስገባው 21.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 7.5 ቢሊዮን ያህሉ ከቲኬት ውጭ፣ በአብዛኛው መንገደኛው ከተሳፈረ በኋላ ከሚያወጣው ገንዘብ የተገኘ ነው፤ ከመጠጥ፣ ከቁማር፣ ከሱቅ፣ ከወደብ ጉብኝትና ከመሳሰለው። ከሦስት ዶላር አንዱ ማለት ነው። የቲኬቱ ዋጋ አንዳንዴ «እንዴት እንዲህ ይረክሳል?» የሚያሰኘውም ለዚሁ ነው። ኩባንያው ቲኬቱን ሲተምን እርስዎ መርከቡ ላይ የሚያወጡትን አስቀድሞ ቆጥሮታል። ውስኪውን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ሒሳብ ያበላሽበታል። «ክልከላው ለእናንተ ደኅንነት ብቻ ነው» የሚልዎት የኩባንያ ሰው ካጋጠመዎት ግማሹን ነው የነገረዎት።

ሌላው ግማሽ ግን እውነት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ጉዳዩ ትርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንቡ አሁን ያለውን መልክ ባልያዘ ነበር። ወይን በመርከብ ምግብ ቤት ውስጥ ጥሩ አድርጎ የሚያተርፍ ዕቃ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ኩባንያዎች በእጅ ይዞ እንዲገባ የሚፈቅዱት ወይንን ነው። አጥብቀው የሚከለክሉት ቮድካን፣ ውስኪን፣ ሩምን ነው። ለምን?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች አንድ መለኪያ ብለው የሚቆጥሩት 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን መጠጥ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 12 በመቶ አልኮል ያለው የወይን ጠርሙስ 71 ግራም ገደማ አልኮል አለበት፤ አምስት መለኪያ መሆኑ ነው። ያንኑ ጠርሙስ በ40 በመቶ ቮድካ ቢሞሉት 237 ግራም ገደማ ይሆናል፤ 17 መለኪያ። ካርኒቫል የመጠጥ ፓኬጅ (ለጉዞው ቀናት በጥቅል የሚከፈልበት መጠጥ) ለገዛ መንገደኛ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 በላይ የአልኮል መጠጥ አይሰጥም። (15 ራሱ ለማንም ሰው አካል እጅግ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ጣሪያ ነው።) ጓደኞችዎ በአፍ መጉመጥመጫ ዕቃ አስገቡት የሚሏችሁ አንድ ጠርሙስ ቮድካ እንግዲህ ለብቻው ከዚያ ጣሪያ ያልፋል። ጣሪያው የሚሠራው ደግሞ የሚቆጥር ሰው ካለ ብቻ ነው።

መርከብ ላይ መጠጥ እንዴት እንደሚቆጠር ላስረዳ። መጠጥ በጥሬ ገንዘብ አይሸጥም፤ የሚታዘዘው የክፍልዎ ቁልፍ በሆነው ካርድ ነው። ባርማኑ ካርዱን ሲያስነብበው ስንተኛ መጠጥዎ እንደሆነና የቀደመው በስንት ሰዓት እንደተቀዳ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ባርማኑ በዚያ ላይ ዓይኑን ይጨምርበታል። ንግግርዎ ከተጎተተ፣ ሚዛንዎ ከተዛባ፣ ድምፅዎ ከፍ ካለ ውኃ ያቀርባል፣ ያዘገያል፣ ካስፈለገም «ለዛሬ ይበቃል» ይላል። ይህን እንዲያደርግ ሠልጥኗል፤ ካላደረገ ይጠየቅበታል። ኩባንያውም ይጠየቅበታል፦ እ.ኤ.አ. በ2004 በፍሎሪዳ አንድ የይግባኝ ችሎት፣ ከልክ በላይ ተቀድቶለት ሰክሮ የተጎዳ መንገደኛ የመርከቡን ኩባንያ መክሰስ ይችላል ብሎ ወስኗል።

አሁን ካቢኑ (የመኝታ ክፍሉ) ውስጥ አምስት መለኪያ ጠጥቶ ወደ ባር የመጣውን ሰው ያስቡት። አልኮል እንደተጠጣ ወዲያው አይሰማም፤ ሰውየው ገና ፊቱ አልቀላም፣ እግሩም አልተንገዳገደም። መዝገቡ «የመጀመሪያ መጠጥ» ይላል። ባርማኑ ደብል (በአንድ ብርጭቆ ሁለት መለኪያ) ይቀዳለታል፤ ቀጥሎም ይደግመዋል። በመዝገብ ሁለት፣ በደሙ ውስጥ ዘጠኝ። እኔ ባንኮኒ ላይ በቆምኩባቸው ዓመታት ያስደነገጡኝ መንገደኞች ብዙ ያዘዙት አልነበሩም፤ ሁለትና ሦስት ብቻ አዝዘው በድንገት ተዝለፍልፈው የወደቁት ናቸው። ያንን ቀን ባርማኑ ምንም አላጠፋም። መርከቡ ሊጠብቀው የሚችልበትን መንገድ ሰውየው ራሱ ካቢኑ ውስጥ ዘግቶበት ነው የመጣው።

ባሕር ላይ ደግሞ መስከር የብስ ላይ እንደ መስከር አይደለም። ወለሉ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ደረጃው ብዙ ነው፣ ዴኩ (የመርከቡ የውጭ ወለል) ይረጥባል፣ በረንዳ ባለው ካቢን ከመከለያው አጥር ማዶ ያለው ባሕር ብቻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው የመንገደኛ መርከቦች ጸጥታና ደኅንነት ሕግ የመከለያው ቁመት ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም 107 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ያዘዘችው ሰው ስለሚወድቅ ነው። ለቆመ ሰው በቂ ከፍታ ነው፤ ወንበር ላይ ለወጣ ሰካራም ግን ምንም አይደለም። በዚያው ሕግ መሠረት በመርከብ ላይ ተፈጸሙ የተባሉ ከባድ ወንጀሎች ለአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ይነገራሉ፣ ቁጥራቸውም ለሕዝብ ይወጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው የወሲብ ጥቃት ነው። በጸጥታ ክፍል ሳለሁ ምስክርነት ከተቀበልኩባቸው ሌሊቶች አንድም ቢሆን መጠጥ ያልገባበት አላስታውስም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ፤ ለባሕር ሕመም የሚወሰዱት እንክብሎችና ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲገናኙ እንቅልፍና መፍዘዝን ያባብሳሉ። ማዕበል ባለበት ሌሊት ሁለቱንም የወሰደ ሰው ራሱን አያውቀውም።

ስለ እሳትም ይነሣል፤ ጠንካራ መጠጥ ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ ነው የተከለከለው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ዋና ምክንያት አላደርገውም። የመርከቡ ባር ራሱ ከዳር እስከ ዳር በውስኪና በሩም የተሞላ ነው።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። የሌሊት ጸጥታ ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከሕክምና ክፍሉ ተጠራሁ። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ሲጠሩት ዓይኑን ይከፍትና መልሶ ይከድነዋል። ወላጆቹ «ባሕሩ ነው፣ ሲያስመልሰው አምሽቷል» እያሉ ነው። ሐኪሟ ለባሕር ሕመም የሚሰጠውን ጀመረች፤ ግን ልቧ አልተቀበለውም፤ የልጁ ትንፋሽ ሌላ ነገር ይነግራታል። ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው። ሦስቴም ምንም አልወሰደም አሏት። በመጨረሻ ደሙን መርምራ ስኳሩ ወርዶ ስታገኘው፣ አባትየው ወደ ግድግዳው ዞሮ እያለቀሰ ተናገረ። ከቤታቸው ቮድካ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ቀላቅለው በጭማቂው ጠርሙስ አስገብተዋል፤ ጠርሙሱ ካቢኑ ውስጥ ካለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ተቀምጧል፤ ልጁ ሌሊት ጠምቶት ተነሥቶ ጠጥቶታል። አልኮል በትንሽ ልጅ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ያወርደዋል። ሐኪሟ ያንን ካወቀች በኋላ የምታደርገው ግልጽ ነበር፤ ግሉኮሱ ተሰጠው፣ እስኪነጋ ተጠበቀ፣ በማግስቱ ከሰዓት ዳቦ ጠየቀ። ዳነ።

ያንን ቤተሰብ አልኮንንም፤ ደጎች ነበሩ። ግን አርባ ደቂቃ ያህል እውነቱን የደበቁት ክፋት ኖሮባቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከመርከብ ያወርዱናል ብለው ፈርተው ነው። ከወደብ አንድ ቀን ያህል ርቀን ነበር፤ የሄሊኮፕተር ክልልም አልነበረም። መርከብ ላይ ያለው የሕክምና ክፍል ሁለት ሐኪሞችና ጥቂት ነርሶች ያሉበት ነው እንጂ ሆስፒታል አይደለም፤ ያለው ትልቁ መሣሪያ የበሽተኛው እውነተኛ ቃል ነው። የተደበቀ ጠርሙስ መጀመሪያ የሚወስደው ያንን ነው። ይህን ካየሁ ወዲህ በመጠጥ ጉዳይ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ደንቡን ቢጥሱ እንኳ፣ ሰው ከታመመ ምን ያህልና ምን እንደተጠጣ ወዲያው ይናገሩ። ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመለስ። እውነት አይታወቅም? ሁሉም ይያዛል ብልዎት ውሸት ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሻንጣዎች በግማሽ ቀን ውስጥ ያልፋሉ፤ ያመለጠኝ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ፍተሻውም መጀመሪያ የተዘረጋው ለመጠጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 የአሜሪካ ጥቃት በኋላ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የመርከቦችና የወደቦች ጸጥታ ደንብ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ መርከቦች ለጦር መሣሪያና ለፈንጂ ሲሉ የሚሳፈረውን ሰውና ዕቃ በጥብቅ መፈተሽ ግዴታቸው ሆነ። መጠጡ በዚያው ፍተሻ ነው የሚገኘው።

ግን «ማንም አያውቅባችሁም» የሚለውም ልክ አይደለም። በኤክስሬይ ስክሪን ላይ ብረት ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ፈሳሽ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል፤ ከልብስ መሐል ጎልቶ። ለሰባት ሌሊት የሚሄድ ሰው ሁለት ትልልቅ የአፍ መጉመጥመጫ ዕቃዎችን ምን ያደርግባቸዋል? ፈታሹ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የጓደኞችዎ ብልኃት በየሳምንቱ ስናየው የኖርነው ነው፤ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ዕቃ የሚገባውም፣ በሻምፖ ዕቃ የሚገባውም፣ በስስ ላስቲክ ተሞልቶ በካልሲ የሚጠቀለለውም። በዚህ ምክንያት ነው ደንቡ ሌላውንም መንገደኛ እየነካ የሄደው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ካርኒቫል የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ ጭምር ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። በቆርቆሮ ወይም በካርቶን የታሸገ ብቻ፣ ለአንድ ሰው እስከ 12። የታሸገ የሚመስል የውኃ ጠርሙስ ቮድካ ሆኖ ሲገኝ ስለበዛ፣ ውኃውን ብቻ ይዞ ሊገባ የነበረው ሽማግሌም ተከለከለ።

ፍተሻውን ያለፈው ራሱ ብዙ ጊዜ ራሱን ያወጣል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ባንኮኒው ተደግፎ እንዴት እንዳስገባ ለባርማኑ የሚተርክ መንገደኛ በየጉዞው አለ። ካቢኑን በየቀኑ የሚያጸዳው ሠራተኛም ባዶ ጠርሙስ ያያል።

ቢታወቅ ምን ይደርሳል? በአብዛኛው ከሚፈራው ያነሰ ነው። ሻንጣዎ ወደ ካቢንዎ ሳይመጣ ይቀራል፤ ይጠራሉ፤ እርስዎ ባሉበት ይከፈታል፤ መጠጡ ይወሰዳል። እንደ ኩባንያው ይጣላል ወይም እስከ ጉዞው መጨረሻ ይቀመጣል፤ ካርኒቫል በመሳፈሪያው ቀን የያዘውን የተከለከለ መጠጥ ይጥለዋል፣ ካሳም የለውም። በቃ፣ እራትዎን ይበላሉ። ከበድ የሚለው በተደጋጋሚ ሲገኝ፣ ጠብ ሲነሣበት፣ ከሁሉም በላይ ዕድሜው ለመጠጥ ላልደረሰ ሰው ሲሰጥ ነው። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ መጠጥ ለመደበቅ የሞከረ፣ ከልክ በላይ የጠጣ ወይም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የሰጠ መንገደኛ እንዳይሳፈር ሊከለከል ወይም በራሱ ወጪ ከመርከብ ሊወርድ እንደሚችል በደንቡ ጽፎታል። መውረድ ማለት የትም ይሁን ቀጣዩ ወደብ ላይ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴል፣ ለዚያ አገር የሚያስፈልግ ቪዛ ሁሉ የእርስዎ ጣጣ ይሆናል። ከአሜሪካ ወጥቶ ወደዚያው በሚመለስ ጉዞ ላይ የአገሩ ዜጎች በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሳፈር ስለሚችሉ ፓስፖርት ሳይዙ የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ ባዕድ ደሴት ላይ ሲወርዱ አውሮፕላን የሚያሳፍራቸው ወረቀት እንደሌላቸው ያኔ ነው የሚያስታውሱት። ፓስፖርትዎን በማንኛውም ሁኔታ ይያዙ።

ስለዚህ ወንድምዎ እዚህ ላይ ያሳስበኛል። የ19 ዓመት ልጅ ከማያሚ በሚነሣ ጉዞ ላይ አልኮል አይሸጥለትም፤ ወሰኑ 21 ነው። ከአውሮፓ በሚነሡ ጉዞዎች ላይ ብዙ ጊዜ 18 ስለሚሆን ሰው ይምታታበታል። ካቢን ውስጥ የተደበቀ ጠርሙስ ካለ መጀመሪያ የሚቀመሰው በእሱ ነው፤ የሚከለክለው ባርማን የለም፣ እርስዎም ወደ ቲያትሩ ሄደዋል። ለባለቤትዎና ለጓደኛዎ «እንጠንቀቅ» ብለው የሚያልፉትን ነገር ለእሱ ሲሉ ጨርሰው ቢተዉት እመክራለሁ። ለእሱ የለስላሳ መጠጥ ፓኬጅ ይግዙለት፤ ከአልኮሉ እጅግ ይረክሳል።

አሁን የተፈቀደውን እንመልከት፤ ከሚያስቡት በላይ ነው። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ዕድሜው ለደረሰ ሰው አንድ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ በመሳፈሪያው ቀን በእጅ ሻንጣ ያስገባሉ። ኖርዌጂያን ወይን ያስገባል፣ ግን ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ክፍያ አለው። ዲዝኒ ለአንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ወይን ወይም ስድስት ቢራ ይፈቅዳል፣ ያውም በየወደቡ። ቫይኪንግ መንገደኛው የራሱን መጠጥ ይዞ እንዲመጣ ሲፈቅድ፣ ኤምኤስሲ ከውጭ ምንም አያስገባም። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ የሌላ ኩባንያ መርከብ የሄደ ሰው ምክር አይጠቅምዎትም፤ ደንቦቹም ቶሎ ቶሎ ይለወጣሉ። ከመሄድዎ በፊት በነበረው ሳምንት የራስዎን ኩባንያ ደንብ ያንብቡ።

የተፈቀደው ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ መሆን አለበት፤ የታሸገና ያልተከፈተ። ወደብ ላይ ለተረካቢ በሚሰጠው ትልቅ ሻንጣ ከከተቱት፣ የተፈቀደው ወይን ራሱ እንደተደበቀ ይቆጠርና ሻንጣዎ ይዘገይብዎታል። ካቢን ውስጥ ሲጠጡት ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ምግብ ቤት ወስደው ሲያስከፍቱት ኮርኬጅ (የራስን ጠርሙስ የማስከፈቻ ክፍያ) ይጠየቃሉ፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች 15 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። እናንተ 21 ያለፋችሁ ሦስት ናችሁ፤ አንድ አንድ ጠርሙስ በሚፈቅድ መርከብ ሦስት ጠርሙስ ወይን፣ 15 መለኪያ በግልጽና በነጻ ይዛችሁ ትገባላችሁ ማለት ነው።

ስለ መጠጥ ፓኬጁ ሳታስሉት አትግዙ። በብዙ ኩባንያዎች አንድ ካቢን ውስጥ ካሉት ዕድሜያቸው የደረሰ ሰዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ይገደዳል፤ በዋጋው ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፤ ለጉዞው ቀናት ሁሉ ነው የሚከፈለው፣ ቀኑን ሙሉ ወደብ ወርደው የሚውሉባቸውንም ጨምሮ። በቀን ከአምስት መጠጥ በታች የሚጠጣ ሰው በአብዛኛው ይከስርበታል፤ የከፈለ ሰው ደግሞ «እንዳይቀርብኝ» ብሎ ከልማዱ በላይ ይጠጣል፤ በየሳምንቱ ያየሁት ነው። ወይን የምትወዱ ከሆነ በእራት ላይ በብርጭቆ ከማዘዝ ሙሉ ጠርሙስ ማዘዝ ይሻላል፤ ያልጨረሳችሁትን አስተናጋጁ ከድኖ የካቢናችሁን ቁጥር ጽፎበት ለነገ ያስቀምጥላችኋል። ይህን የሚያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ወደብ ስትወርዱም ባር ገብቶ መጠጣት ማንም አይከለክላችሁም።

ወደብ ላይ ጠርሙስ መግዛት ሌላ ነገር ነው። ከታወቀ ሱቅ፣ እሽጉ ያልተነካ ይግዙ፤ መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጥን አይንኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮስታ ሪካ ውስጥ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ከሃያ በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሜታኖል በጣዕም አይለይም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። የገዙትን ሲመለሱ መግቢያው ላይ ለጸጥታ ሠራተኛው ያስረክቡ። ደረሰኝ ይሰጥዎታል፣ ጠርሙሱ ተቀምጦ በመጨረሻው ሌሊት ወይም በመውረጃው ጠዋት ይመለስልዎታል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ትልልቅ ሻንጣዎች የሚሰበሰቡት በመጨረሻው ሌሊት ነው፤ ጠርሙሱ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሻንጣው ከበር ከተወሰደ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጠርሙስ በእጅዎ ይዘው አየር ማረፊያ ይደርሳሉ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ደግሞ በእጅ ሻንጣ በፍተሻ አያልፍም። የገዙት መጠጥ ካለ አንዱን ሻንጣ ለሰብሳቢው ሳይሰጡ ራሳችሁ ይዛችሁት ውረዱ፤ ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ ውስጡ አስገቡና አየር ማረፊያ ላይ በጭነት ላኩት። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው በጭነት ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነ ሩም ግን በአውሮፕላን በጭራሽ አይጫንም።

ጉምሩክም አለ። ወደ አሜሪካ ሲገቡ 21 ዓመት የሞላው ሰው በጥቅሉ 1 ሊትር ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ካሪቢያን ውስጥ አንዳንድ ደሴቶች ላይ ለተገዛ ከዚያ በላይ ይፈቀዳል። የወንድምዎን ስም ለተጨማሪ ሊትር መጠቀም አይቻልም፤ 21 አልሞላውም። ጉዟችሁ ወደፊት ከቴክሳስ ጋልቬስተን ቢሆን ደግሞ፣ ከጉምሩኩ ሌላ የክፍለ ግዛቱ የአልኮል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ወደቡ ላይ ቆመው በምታስገቡት መጠጥ ላይ የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፤ ደረሰኙን አትጣሉት።